የማያልቀው ድራማና የቤታችን ምሽት

ከፍኖተ ሰላም የደረሰን ደብዳቤ በጥቂቱ አጥሮ ይህን ይላል።

«ጤና ይስጥልኝ። ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ የምሠራው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ቤታችን ያለው ቴሌቪዥን አንድ ብቻ ነው። አማቴ ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ ሲመሽ በአማርኛ የተተረጎመውን የቱርክ ተከታታይ ድራማ ካላዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ባለቤቴ ደግሞ የሁለት ሰዓቱ ዜና ለምን አመለጠኝ ብሎ ይቆጣል፤ ከዜና ውጭ ያለውን ሁሉ ‹የሥራ ፈት ነገር› ይለዋል። ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ በስልኬ የኮሪያ ድራማ ትከታተላለች። አሥረኛ ክፍል ያለው ወንድሟ ከሞባይል ቤት በፍላሽ እያስጫነ የሚያመጣውን የድብድብ ፊልም የሰባት ዓመቱ ትንሹ ልጄ አብሮት ቁጭ ብሎ ያያል። እኔ ሁሉም ከተኛ በኋላ ‹እስቲ አንድ ጥሩ ነገር ልይ› ብዬ ስቀመጥ፣ ጣቢያ ስቀያይር ስድስት ሰዓት ይሆናል፤ ምንም ሳላይ እተኛለሁ። ሁዳዴ ሲገባ የነፍስ አባታችን ፊልም ተዉ ይሉናል፤ አማቴ ግን ‹የእኔ ድራማ ትምህርት አለው› እያሉ ይከራከራሉ። እባክዎ ለእያንዳንዳችን የሚሆነውን ፊልምና ድራማ ዘርዝረው ይላኩልኝና ግድግዳ ላይ ልለጥፈው።»

ውድ ጠያቂዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። የጠየቁኝን ዝርዝር ግን ባሰቡት መልክ አልክልዎትም፤ የዝርዝር ዕድሜ አጭር ነውና። ዛሬ የምጽፍልዎት ድራማ ከጥቂት ወራት በኋላ ከጣቢያው ይወርዳል፣ ከሞባይል ቤቱ ኮምፒውተርም ይጠፋል፤ እርስዎም ያን ጊዜ ሌላ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ምክንያትም አለኝ። በደብዳቤዎ ውስጥ «መጥፎ ፊልም አየን» የሚል ቅሬታ ፈልጌ አላገኘሁም። አማትዎ የያዙት ነገር አላልቅ ብሏቸዋል፤ እርስዎ ደግሞ አንዱንም መጀመር አቅቶዎታል፤ ትንሹ ልጅዎ ያልተመረጠለትን ያያል፤ ባለቤትዎ ዜናን ከምርጫ ውጭ አድርገው አስቀምጠውታል። እንግዲህ ቤታችሁን የቸገረው የፊልም ስም ማጣት አይመስለኝም። አንድን ፊልም ወይም ድራማ ከመጀመር በፊት ስንት ሰዓት እንደሚወስድና መቼ እንደሚያልቅ ማወቅ፣ ካልጣመም ከመሃል ላይ ያለ ጸጸት መተው ነው የቸገራችሁ፤ ስለዚህ ምክሬ ሁሉ በዚህ ዙሪያ ይሆናል። ጥቂት የፊልም ስሞችም በየቦታው እጠቅስልዎታለሁ።

ከአማትዎ ድራማ ልጀምር፤ ምክንያቱም የቤቱን ምሽት የያዘው እርሱ ነው፤ ብዙ ሰውም እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቅ ይከታተለዋል። በቱርክ አገር አንድ ተከታታይ ድራማ የሚተላለፈው በሳምንት አንድ ምሽት ሲሆን፣ የአንዱ ክፍል ርዝመት ሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ማለትም አንድ ሙሉ ፊልም ያህላል። ያ ድራማ ለውጭ ገበያ ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ አርባ አምስት ደቂቃ ገደማ እየሆነ ይቆራረጥና የአንድ ሳምንቱ ክፍል ሁለትና ሦስት ይሆናል። እኛ ዘንድ «ክፍል መቶ ሃያ» እየተባለ የሚታየው ድራማ ደራሲው ሲጽፈው መቶ ሃያ ክፍል አልነበረም። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለአማትዎ ይጠቅማል፤ ይኸውም በየምሽቱ ድራማው «ምን ይሆን ይሆን?» አሰኝቶ የሚቋረጥበት ቦታ ብዙ ጊዜ ደራሲው ያሰበው ማረፊያ አይደለም፤ ቆራጩ መቀሱን ያሳረፈበት ቦታ ነው። ከመሃል ተነሥቶ መኝታ ቤት የሚገባ ሰው ከታሪኩ የሚያጣው ነገር እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ከሚቆየው ሰው እምብዛም አይበልጥም።

ርዝመቱም ራሱ ምክንያት አለው። የቱርክ ድራማ ሲጀመር ስንት ክፍል እንደሚሆን ብዙ ጊዜ ተቆርጦ አይታወቅም፤ ተመልካች ካገኘ ለዓመታት ይቀጥላል፣ ካላገኘ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቋረጣል። በየሳምንቱ የሁለት ሰዓት ታሪክ እየጻፉ የሚያስረክቡ ሰዎች ታሪክ ሲያልቅባቸው የሚያደርጉት የታወቀ ነው፤ ሁለት ሰዎች በሙዚቃ ታጅበው ለረጅም ጊዜ ይተያያሉ፣ በር ላይ ቆሞ ምሥጢር የሚያዳምጥ ሰው ይመጣል፣ ሞተ የተባለው ተመልሶ ይገኛል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍል ሁሉ መልኩን እየቀያየረ የሚመለስ ያው ታሪክ ነው። ለዓመታት በየቀኑ የሚሄደው የሕንድ የቤተሰብ ድራማማ ከዚህም ይብሳል፤ የዚህኛውን ነገር በአጭሩ ላልፈው እወዳለሁ፤ አማትና ምራት በአንድ ጣራ ሥር በሰላም በሚኖሩበት ቤት እርሱን ማስጀመር አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም።

ይህን ስል አማትዎን ድራማ ይንጠቋቸው ማለቴ አይደለም። በአማርኛ የተተረጎመ ድራማ ማንበብ ለማይችሉና ቀኑን ቤት ለሚውሉ አረጋውያን ያመጣውን ደስታ አቃልዬ አላየውም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ስርጭቱን ሲጀምር የአገር ውስጥ የፊልም ባለሙያዎች ገበያችንን ይዘጋብናል ብለው አጥብቀው ተቃውመውት ነበር፤ ተቃውሟቸው በቂ ምክንያት ነበረው። ሆኖም ከዚያ በፊት የውጭ ድራማ ማለት የግርጌ ጽሑፉን ለሚያነብ ብቻ እንደነበርም መካድ አይገባም። አማትዎ «ትምህርት አለው» ሲሉም ፈጽሞ አልተሳሳቱም፤ ክፉ ሰው በመጨረሻ ሲዋረድ ማየት ትምህርት ነው፤ ችግሩ መጨረሻው ስለማይመጣ ክፉው ሰው ለሁለት ዓመት ያህል ሲያሸንፍ መታየቱ ብቻ ነው። እስቲ አንድ ጊዜ ቡና ሲፈላ «እማማ፣ ይህ ድራማ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ምን ተለወጠ?» ብለው በትሕትና ይጠይቋቸው። ሞቅ አድርገው የሚተርኩልዎት ከሆነ ድራማው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ይቀጥሉበት። «ምን እባክሽ፣ ያው ናቸው» ካሉ ግን መልሱን ራሳቸው ሰጡት ማለት ነው።

ከባለቤትዎ ጋር ያለው የሰዓት ግጭት ደግሞ ከሚመስለው በላይ ቀላል ነው። ብዙዎቹ ጣቢያዎች የማታውን ድራማ በማግሥቱ በድጋሚ ያሳያሉ። እናንተ ሥራ፣ ልጆችም ትምህርት ቤት ስትሆኑ አማትዎ ቤት ውስጥ ናቸው፤ ቴሌቪዥኑም ቦዝኖ ይውላል። የድጋሚውን ሰዓት ከጣቢያው አጣርተው ቢነግሯቸውና ሪሞቱ ላይ የጣቢያውን ቁጥር እንዴት እንደሚነኩ ቢያሳዩዋቸው ድራማው ወደ ቀን ይዛወራል፤ የምሽቱ ሁለት ሰዓት ነፃ ይወጣል። መብራት የጠፋ ቀን ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ያን ቀን ዜናውም ድራማውም እኩል ይቀራሉ።

ለባለቤትዎ ግን አንድ ነገር ልበል። ዜና መስማት የቤተሰብ ኃላፊ ደንብ ነው፤ በተለይ መንገዱ ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል የሚባለው ነገር ኑሮን በሚወስንበት በእኛ አካባቢ ዜና አትስሙ የሚል ሰው የለም። ነገር ግን አንዱን ዜና በሦስት ጣቢያ ደጋግሞ መስማትና ድራማ ማየት፣ በእኔ አስተያየት፣ ያን ያህል አይራራቁም፤ ሁለቱም ነገ ምን ይሆናል እያሰኙ ያስመሻሉ። ከዜና ውጭ ያለውን ሁሉ የሥራ ፈት ነገር ለሚሉ ሰው አንድ ቅዳሜ ማታ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ፈልገው ያቅርቡላቸው። ጎንደር ተወልዶ ያደገው ይህ የፊልም ባለሙያ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመትም በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ በሚካሄደው ፌስፓኮ በተባለው የአፍሪካ የፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። በጀርመን ሕክምና ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ አንበርብር የሚባል ሰው በደርግ ዘመን ያየውን የሚተርክ ሲሆን፣ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ታሪኩንም ወደ ኋላና ወደ ፊት እያመላለሰ የሚናገር በመሆኑ እራት እየበሉ የሚታይ አይደለም፤ ጭካኔ የሚታይባቸው ቦታዎችም ስላሉት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይሁን። የአገር ጉዳይ ለሚያሳስባቸው ሰው ከብዙ የዜና ምሽቶች የበለጠ የሚያወያይ ፊልም ነው።

ወደ ሴት ልጅዎ ስመጣ ምናልባት ያልጠበቁትን እነግርዎታለሁ። ሰዓትን ብቻ መለኪያ ካደረግን በቤታችሁ ውስጥ ከሁሉ የተሻለውን የመረጠችው እርሷ ናት። የኮሪያ ድራማ እንደ ልማዱ አሥራ ስድስት ክፍል ገደማ ነው፤ አንዱ ክፍል አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፤ አብዛኛውም ተጀምሮ ይፈጸማል። አሥራ ስድስት ሰዓት ማለት በሳምንት ሁለት ክፍል ብታይ ሁለት ወር የሚቆይ ነገር ነው። መቶ ክፍል ያለው የአርባ አምስት ደቂቃ ድራማ ግን ሰባ አምስት ሰዓት ይፈጃል። አንድ ክረምት ሙሉ መጽሐፍ ሊነበብበት የሚችል ጊዜ ነው።

የሚያሳስበኝ ብቻዋን በስልክ ማየቷ ነው። የኮሪያ ጣቢያዎች ድራማቸው ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን በስክሪኑ ማዕዘን ላይ በቢጫ ክብ ውስጥ በተጻፈ ቁጥር ያሳያሉ፤ 7፣ 12፣ 15 እና 19 የሚሉ ናቸው። ከጣቢያ እየተቀዳ በቴሌግራም የሚዘዋወረው ቅጂም ብዙ ጊዜ ይህ ቁጥር ሳይጠፋ ይገኛል። የስምንተኛ ክፍል ልጅ 12 የሚለውን ብታይ ምንም አይደለም፤ 15 የሚለውን ከእርስዎ ጋር ትየው፤ 19 የሚለውን ግን አትየው። ቁጥሩ በዋነኛነት የሚናገረው ስለ ድብድብ፣ ስለ ስድብና ስለ ወሲብ ስለሆነ በእርሱ ብቻ ግን አይወሰኑ። በእነዚህ ድራማዎች የተለመደ አንድ ነገር አለ፤ ወንዱ ልጅቱን ክንዷን ጨብጦ እየጎተተ ከሰው መካከል ይወስዳታል፣ ያን ጊዜ ለስላሳ ሙዚቃ ይጀምራል፣ እርሷም ትንሽ ትታገልና ዝም ትላለች። ይህን የሚያዩት ኮሪያዊ ልጆች ምን እንደሚሰማቸው እነሱ ያውቃሉ፤ ጠለፋ በእናቶቻችን ዘመን የጋብቻ አንዱ መንገድ ተደርጎ በኖረበት አገር ላለች ልጅ ግን ሙዚቃው የሚነግራት ነገር ደግ አይደለም። አንድ ክፍል አብረዋት አይተው «አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ እንዲህ ቢይዝሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው ቢጠይቋት፣ ስልኩን ከመንጠቅ ይልቅ ያ ጥያቄ ብዙ ይሠራል።

ይህ ጨዋታ ከተጀመረ ለማስቀጠል የሚረዳ የእኛው ፊልም አለ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው፤ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ የተጠለፈችና ጠላፊዋን ገድላ ለፍርድ የቀረበች የአሥራ አራት ዓመት ልጅን ታሪክ ይናገራል። መነሻው በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መገባደጃ አርሲ ውስጥ በእውነት የደረሰ ሲሆን፣ በፊልሙ ውስጥ ጥብቅና የምትቆመው የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃም በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናት። መድፈርን የሚመለከት ከባድ ክፍል ስላለው እርስዎ አስቀድመው ብቻዎን ይዩት፤ ከዚያ ልጅዎ ትችለው ወይም አትችለው እንደሆነ የሚፈርዱት እናቷ ነዎት። እኔ ብሆን ያን ክፍል ዘልዬ ቀሪውን አብሬያት አያለሁ፤ የፍርድ ቤቱና የአገር ሽማግሌዎቹ ሸንጎ የተነጻጸሩበት ሁኔታ ለስምንተኛ ክፍል ልጅ የሚገባ ነው።

ወንድ ልጅዎ በፍላሽ የሚያመጣው ነገር ላይ ጠበቅ እላለሁ፤ በራሱ ምክንያት ሳይሆን በትንሹ ምክንያት። አሥረኛ ክፍል የደረሰ ልጅ የድብድብ ፊልም ማየቱ አያስደንቅም፤ ድብድቡ የተለማመዱት ጭፈራ መሆኑንም ያውቃል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን የሚያየው ምን ያህሉ እውነት፣ ምን ያህሉ ጨዋታ እንደሆነ ገና አጥርቶ አይለይም። በፊልም ላይ በብረት የተመታ ሰው ተነሥቶ ይሮጣል፤ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ፣ እናቱ ስትጮህ፣ ዓይኑ ጠፍቶ ሲቀር አይታይም። ስለዚህ የታላቁ ፊልም ሰዓት ትንሹ ከተኛ በኋላ ወይም ደጅ ሲጫወት ይሁን፤ ይህን እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ታላቅ ወንድም ኃላፊነት አድርገው ቢነግሩት ደስ ብሎት የሚቀበለው ይመስለኛል። ትንሹ ድንገት ቢያይ ደግሞ ታላቁ አጠገቡ ቁጭ ብሎ አሠራሩን ያስረዳው፤ የጡጫው «ጧ!» የሚል ድምፅ ከቀረጻ በኋላ በስቱዲዮ የተጨመረ መሆኑን፣ ከፎቅ የሚወድቀው ሰው ዋናው ተዋናይ ሳይሆን ለዚያ የሠለጠነ ሌላ ሰው መሆኑን፣ ከታችም ወፍራም ፍራሽ ተነጥፎ እንደሚጠብቀው ይንገረው። ልጆች እንዲህ ያለውን የጓዳ ምሥጢር ማወቅ ይወዳሉ፤ ካወቁ በኋላም ፍርሃቱ ይለቃቸዋል።

የሞባይል ቤቱ ነገር አንድ ጣጣ አለው። ሲኒማ ቤት በር ላይ የሚለጠፈው ወይም በኢንተርኔት አቅራቢዎች ዘንድ ከፊልሙ ስም አጠገብ የሚታየው የዕድሜ ምልክት ፍላሽ ላይ አይኖርም፤ የሚታየው የፋይሉ ስም ብቻ ነው። ባለ ሱቁም ወጣት ልጅ ነው፤ «አዲስ ገብቷል፣ ይመችሃል» ብሎ አሥሩን በአንድ ላይ ይጭነዋል፤ የሚከፈለውም በጭነቱ ልክ ስለሆነ ቢያበዛ እንጂ ቢያሳንስ አይጠቀምም። ልጅዎ ከመሄዱ በፊት የሚፈልገውን የሁለት ፊልም ስም በወረቀት ይጻፍ፤ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት አይኤምዲቢ የተባለው ድረ ገጽ ላይ ስሙን አስገብቶ ለወላጆች የተዘጋጀውን ክፍል ያንብብልዎ። በዚያ ላይ ምን ያህል ደም፣ ስድብና ወሲብ እንዳለበት ተዘርዝሮ ይገኛል። የአሜሪካ ፊልም ከሆነ «ፒጂ-13» የሚል ምልክት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን፣ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የማይስማማ ነገር ሊኖር ይችላልና ወላጅ ይጠንቀቅ ማለት ነው፤ «አር» የሚለው ግን ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ እንዳይገባ የሚከለክል ነው። እዚያው ድረ ገጽ ላይ ከአሥር የሚሰጠውን ነጥብ ለውጭ ፊልም እንደ ፍንጭ መውሰድ ይቻላል። ለአማርኛ ፊልም ግን ድምፅ የሚሰጠው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ የተዋናዩ ዘመዶችና ወዳጆች ተሰብስበው ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉና ብዙ አይመኑት። የአማርኛ ፊልም ሲሆን እኔ የምጠይቀው ፊልሙን ያየ ሰው «መጨረሻው አሳመነህ ወይስ በሠርግ ዘጉት?» ብዬ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ድረስ ጣቢያ መቀያየር የፊልም እጦት ያመጣው አይደለም። ቀኑን ሙሉ ለመሥሪያ ቤትና ለቤተሰብ ሲወስን የዋለ ሰው ማታ አራት ሰዓት ላይ ሌላ ውሳኔ ለመወሰን አቅም አይኖረውም፤ ስለዚህ ጣቱ ብቻ ይሠራል። ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚገዛ ከቤቱ አስቦ እንደሚሄድ ሁሉ፣ የሳምንቱን ፊልም እሑድ ከሰዓት በኋላ ልብዎ ባረፈበት ጊዜ ይምረጡት። ሁለት ስም ይበቃል። ስሙን፣ ርዝመቱንና የት እንደሚገኝ ይጻፉ፤ ማታ ሲቀመጡ የመጀመሪያውን ይክፈቱ፤ ሃያ ደቂቃ ይስጡት። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከሰዎቹ የአንዱ ነገር ካላሳሰበዎት ይዝጉትና ሁለተኛውን ይሞክሩ፤ ሁለተኛውም ካልሆነ ይተኙ። የጀመርሁትን ልጨርስ የሚለው ጨዋነት ለሥራና ለእንግዳ ነው እንጂ ለፊልም አይደለም።

በዩቲዩብ የሚያዩ ከሆነ ሁለት ነገር ይወቁ። አንደኛው፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እንዲጀምር የሚያደርገው ቁልፍ ቪዲዮው በሚታይበት ሳጥን ላይ ይገኛል፤ አንድ ጊዜ ነክተው ያጥፉት። ሁለተኛው፣ ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2020 አጋማሽ ጀምሮ ከ8 ደቂቃ በላይ በሆነ ቪዲዮ መካከል ማስታወቂያ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ ቀድሞ 10 ደቂቃ ነበር። ለአምስት ደቂቃ የማትበቃ ታሪክ በግድ ተለጥጣ አሥር ደቂቃ የምትሆነው፣ ከፊትም የምታለቅስ ሴት ፎቶ የሚለጠፍባት ለዚህ ነው፤ ያቺ ሴት ብዙ ጊዜ በቪዲዮው ውስጥ አትገኝም።

ሁላችሁም አብራችሁ የምታዩት ነገር በሳምንት አንድ ማታ እንዲኖር እመክራለሁ። መራጩ በተራ ይሁን፤ ተራውም በዕጣ ይውጣ፤ አማትዎም ትንሹ ልጅም ዕጣ ይድረሳቸው። የመረጠው ሰው ርዝመቱን አስቀድሞ ይናገር፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት የማያልቅ ነገር አይመረጥ፤ ሌላውም የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ሳያጉረመርም ይመልከት። ባለቤትዎ በትንሹ ልጅ ተራ የካርቱን ፊልም ማየታቸው አይቀርም፤ ይህ በእኔ በኩል የማልጨነቅበት ጉዳይ ነው።

የአማትዎ ተራ ሲደርስ ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያስታውሷቸው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ብዙዎቹ የእርሳቸው ዕድሜ ሰዎች ግን ያወቁት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ሰምተው ነው። አሁን ደግሞ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ተሠርቷል። የሐዲስ ዓለማየሁ ታሪክ የእኛው አገር ታሪክ ነው፤ የበዛብህ መንደር ማንኩሳ ከእናንተ ከተማ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ናት። አማትዎ «የፊታውራሪ ቤት እንዲህ አይደለም፣ ቀሚሱም የዚያ ዘመን አይደለም» እያሉ ከቴሌቪዥኑ ጋር መከራከራቸው የማይቀር ነው፤ ያ ክርክር ለልጆቹ ከድራማው እኩል ይጠቅማቸዋል፤ ጥያቄም ያመጣባቸዋል። ወንዱ ልጅዎ መጽሐፉን ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተውሶ በየማታው አንድ ምዕራፍ ቢያነብላቸው ደግሞ የመብራት መጥፋት ምሽቱን አያበላሸውም።

የቀረው የሁዳዴው ነገር ነው። የነፍስ አባታችሁ ያሉትን እኔ በጋዜጣ አልሽረውም፤ በጾም ወራት ምን እንደሚተው ከእርሳቸው ጋር የምትመክሩት ጉዳይ ነው። አማትዎ «ትምህርት አለው» ብለው ለሚያነሡት ክርክር ግን ጾሙ ራሱ መልስ ይሰጥበታል። ሁዳዴ አምሳ አምስት ቀን ነው። ጾሙ ሊገባ ሲል ድራማው የት ላይ እንደደረሰ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላና ማን የማንን ምሥጢር እንደያዘ ልጅቷ በደብተር ጀርባ ትመዝግብላቸው። ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ክፍል ይዩና ደብተሩን አምጥተው ያስተያዩት። ያመለጣቸው ብዙ ከሆነ ልጅቷ ያለፈውን ፈልጋ ባጭሩ ትተርክላቸውና ይቀጥሉ፤ አምሳ አምስቱን ቀን ሙሉ ያ ምሥጢር ሳይወጣ፣ ያም ጥል ሳይበርድ ካገኙት ግን የድጋሚውን ሰዓት ማጣራቱ ራሱ ላያስፈልግዎ ይችላል።